ቢጫው ሽማግሌና ደረቁ ሽማግሌ

ስለ ቀኝ ጉልበቴ ላወራችሁ ነው። ከዚህ የተሻለ ወሬ የጠበቀ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔ ግን በዚያን ሰሞን ከጉልበቴ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

ማበጥ የጀመረው ሽማግሌ ሆኜ በተመረጥኩበት ሳምንት ነው። ሽማግሌ ስል በዕድሜ ማለቴ አይደለም፤ በዕድሜማ ማንም ሳይመርጠኝ ነው የሆንኩት። የእህቴ ልጅ ብንያም ሄለን የምትባል ልጅ ወድዶ፣ አንድ ቀን ሥራ ውዬ ስገባ ሳሎኔ ውስጥ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ አባቷ በሥርዓቱ ሽማግሌ ካልተላከ አልሰማም ብለዋል» አለኝ።

ሄለን እዚሁ ስቶክሆልም ተወልዳ ያደገች፣ ፍሌሚንግስቤሪ የሕክምና ነገር የምትማር ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ ነው። አባቷን አቶ ተሾመን በሩቁ አውቃቸዋለሁ። ከከተማው ጫፍ አካላ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ፊታቸው ሁልጊዜ የሆነ ሰው አሁን በቅርቡ ያስቀየማቸው ይመስላል። ስዊድን ምን ያህል ዓመት ቢቆዩ፣ ልጅ የሚሰጠው በወጉ ነው፣ አለቀ።

ወጉን ለማታውቁት፣ ሽማግሌ የሰው ቤት ገብቶ ተቀመጥ ሲባል አይቀመጥም። የመጣበትን ቆሞ ይናገራል፤ «ሰምተናል፣ እናስብበታለን» እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል። አባትየው ሆደ ሰፊ ከሆኑ ቶሎ ያስቀምጡሃል። አቶ ተሾመን ያስከፋቸው ሽማግሌ ግን ኮቱን እንደለበሰ ያረጃል ይባላል። እንግዲህ ለዚህ ነው ጉልበት የሚያስፈልገው። የእኔ ደግሞ አብጦ ሎሚ፣ ከሎሚ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ትርንጎ አክሏል። ቀልቷል፣ ግሏል፤ ሱሪ ሲነካው እንኳ ያቃጥለኛል። አውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሳልፈልግ የማሰማው ድምፅ ተሳፋሪውን ማሳሰብ ጀምሮ ነበር።

ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ነርሷ በትሕትና አዳምጣኝ፣ «አሳርፈው፣ በረዶ ያዝበት፣ ማክሰኞ ናና ሐኪም ይየው» አለችኝ። መልካም ምክር ነው። ሽምግልናው ግን ቅዳሜ ነው።

አብረውኝ ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ይማም ናቸው። ጋሽ ይማም የደሴ ሰው፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባለው ሰፈራችን ከእኔ ፎቅ ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ምላሳቸው ድንጋይ ያናግራል። የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀው፣ አስታራቂውን ከአስታራቂው ጋር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው ብንያም እግራቸው ላይ ወድቆ የለመናቸው። የእኔ ድርሻ አጠገባቸው ቆሞ ራስን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ራስ ለመነቅነቅም ቢሆን መቆም ያስፈልጋል እንጂ። ለነገሩ የእሳቸውም ግራ ጉልበት ከእኔ የተሻለ አልነበረም፤ ደረጃ ስንወጣ ሁለታችን ተደጋግፈን ካያችሁን አንድ ጤነኛ ሰው እንወጣለን።

«ስማ» አሉኝ ረቡዕ ለት። «መሐል ከተማ አንዲት ቻይናዊት የሥራሥር አዋቂ አለች አሉ። እንዲህ ያለ ጉልበት አስይዘዋት ሮጠው ነው የሚወጡት አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው አለ።»

ጋሽ ይማም «ሰው አለ» ካሉ ክርክሩ ተዘግቷል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ኮቴን ለበስኩ።

ሱቋ ጠባብ ናት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው፤ ሽታው ዝናብ የመታው ሣርና አሮጌ ሻንጣ የተቀላቀለ ይመስላል። ሴትየዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ያደረገች፣ ቁጥብ ሰው ናት። ስዊድንኛዋ የቻይና ነው፤ የእኔ የአዲስ አበባ፣ የጋሽ ይማም የደሴ። ቋንቋው ራሱ እዚያ ክፍል ውስጥ ዘመድ አልነበረውም።

«ምላስህን አውጣ» አለችኝ።

«ጉልበቴን ነው ያመመኝ።»

«ምላስ» አለች።

አወጣሁ። ቀጥላ የሁለቱን እጆቼን ትርታ ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ የተኛች መስሎኝ ጋሽ ይማምን አየኋቸው። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ፣ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፤ እሱን ግን ከቁርስ ጋር ስለምውጠው ከቁርስ ነበር የምቆጥረው።

ከአንዱ መሳቢያ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ የዛፍ ቅርፊት አወጣች። ከሌላው ደግሞ በቁርጥራጭ የደረቀ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ አፍንጫ የሚሰረስር ሥር። እያንዳንዱን በየወረቀት ከረጢቱ አደረገችና አስረዳችን። ጉልበቴ ውስጥ እሳትና ርጥበት ገብተዋል። ቅርፊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ እሳቱን ያበርዳል። ሥሩ ሞቃት ነው፣ ርጥበቱን ያደርቃል። ከዚያ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቿን አቆላልፋ፣ «ፓር» አለች። እኔን አየች፣ ጋሽ ይማምን አየች፣ ደገመችው። «ፓር። እሺ?»

«እሺ» አልን ሁለታችንም።

ይህቺ «ፓር» የምትባል ቃል ናት እንግዲህ ጉድ ያደረገችን። በስዊድንኛ ጥንድ ጫማም ፓር ነው፣ ባልና ሚስትም ፓር ነው፣ «ጥቂት» ለማለትም ፓር ይባላል። ባቡር ላይ ስንቀመጥ ጋሽ ይማም ከረጢቶቹን ጭናቸው ላይ አድርገው ተመራመሩ።

«ለሁለት ሰው ነው ያለችን» አሉ።

«እኔ እንኳ ባልና ሚስት ናቸው ያለች መስሎኝ ነበር።»

«ቅርፊትና ሥር ምን አገናኝቷቸው ይጋባሉ? እኔና አንተን እኮ እያየች ነው ፓር ያለችው። አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ።»

ሰው አስታርቀው የሚኖሩ ሰው የተናገሩትን እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ክፍፍሉንም እሳቸው ፈረዱ። «አንተ ቁጡ ነህ፣ እሳት ይበዛብሃል፤ ቢጫውን ውሰድ። እኔ እግሬ ውሃ ቋጥሯል፤ ሥሩን እወስዳለሁ።» ፍርዱ ያማረ ስለነበር አመስግኜ ተቀበልኩ።

ቤት ገብቼ ቅርፊቱን ጣድኩ። ባለቤቴ አስካለ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምን ሞቶብህ ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ነው።»

«ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የለህም እንዴ?»

«ቅዳሜ ከማክሰኞ ይቀድማል።»

እሷ መስኮት ከፍታ ድስቷን አየች። ድስቷ ቢጫ ሆኗል። ማንኪያውም፣ የእጅ ፎጣውም፣ ምድጃው ጠርዝ ላይ የፈሰሰችውም ጠብታ ቢጫ ሆነዋል። ስለ ጣዕሙ ከጠየቃችሁኝ፣ ኮሶ ከእሱ ጎን ከረሜላ ነው። ሀገሬ ላይ ሳለሁ መራራ የሆነ ሁሉ እንደሚያድን ተነግሮኝ ስላደግኩ ግን ደስ አለኝ። ይህን ያህል ከመረረ ይህን ያህል ይሠራል ብዬ አንድ ብርጭቆ ጨመርኩ። ያ አልበቃ ብሎኝ ጨርቅ እየነከርኩ ጉልበቴን ጠቀለልኩት።

ሠራ። ጉልበቴ ላይ ሳይሆን ሆዴ ላይ።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልተርክላችሁም፤ የምታከብሩኝ አንባቢዎች አላችሁ ብዬ አስባለሁ። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰድር የት የት እንደተሰነጠቀ አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጋሽ ይማም ደወሉና፣ «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«እየሠራ ነው፤ ያገላብጠኛል» አልኩ። «የእርስዎስ?»

«የኔም ይዞኛል» አሉ። ድምፃቸው ሻከር ያለ መሰለኝ። ሁለታችንም መድኃኒት ሲይዝ እንዲህ ነው ብለን ተጽናንተን ዘጋን።

ዓርብ ጠዋት አስካለ እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። መዳፌ ቢጫ ነው። ጥፍሬ ቢጫ ነው። «ምላስህን አሳየኝ» አለች። በዚያ ሳምንት ሴቶች ሁሉ ምላሴን ነበር የሚፈልጉት። አሳየኋት፤ ቁጭ አለች።

«ቀለም ነው እኮ» አልኳት።

«ቀለሙን አየሁት። ጉልበትህስ ቀነሰልህ?»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ የቀለለኝ ይመስለኝ ነበር። ወይ ቅርፊቱ ነው፣ ወይ ሆዴ ስለባሰብኝ ጉልበቴን የማስብበት ጊዜ አጥቼ ነው። እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቅዳሜ አስካለ ነጭ የሀገር ልብስ አለበሰችኝ፤ ሱሪውም ነጭ፣ እጀ ጠባቡም ነጭ። እኔ ደግሞ እሷ ሳታየኝ፣ ረጅም መቆም ስላለ ለመተማመኛ ብዬ፣ ጉልበቴን በደንብ በተነከረ ጨርቅ ከፊትም ከኋላም ጠቀለልኩትና በፕላስቲክ ሸፍኜ ሱሪዬን መልሼ አጠለቅኩ። ፕላስቲኩ ያጠረ መሆኑን አላስተዋልኩም።

ከቮርቢ ጎርድ አካላ ማለት ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሻገር ነው። በቀዩ መስመር መሐል ከተማ ድረስ፣ ከዚያ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ምድር ሆድ መውረድ፣ ከዚያ ሰማያዊውን መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ። ስዊድኖች ይህን ሁሉ ዋሻ ከድንጋይ ሲፈለፍሉ ለሆዱ ላልተረጋጋ ሰው ምን አስበው እንደነበር አላውቅም። በየጣቢያው ባቡሩ ሲቆም ሆዴ አብሮ ይቆማል፤ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ጋሽ ይማም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ከትልቅ የውሃ ጠርሙስ እየተጎነጩ ዝም ብለዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም። የሚናገሩትን እያብላሉ ነው ብዬ አልረበሽኳቸውም። እንዲያውም ኮራሁባቸው።

ብንያም አካላ ጣቢያ ጠብቆን፣ እስከ ሕንጻው በር ሸኘን። «ጋሽ ይማም፣ ነገሩን ሁሉ በእርስዎ ላይ ነው የጣልኩት» አለ። ጋሽ ይማም ትከሻውን መታ መታ አደረጉና ጠርሙሱን ባዶውን ሰጡት።

በሩን የከፈቱልን የሄለን እናት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ አቶ ተሾመ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ለሽማግሌ ያልተነሳ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ስለምናውቅ ሁለታችንም ቅስማችን ተሰበረ። ከእሳቸው ፊት ለፊት አንድ ነጭ ሶፋ አለ። እንዲህ ያለ ነጭ አይቼ አላውቅም። ቤተሰቡ ራሱ የሚቀመጥበት አይመስልም፤ እነሱ የተቀመጡት ጎን ላይ ባሉት የእንጨት ወንበሮች ነው።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ተሾመ።

የጋሽ ይማም ሰዓት ደረሰ። አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አሉ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ጎንበስ አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ «ትቅ» የሚል ነው።

ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ተጣብቋል። ለካ ያ ሥር የእግራቸውን ውሃ ላድርቅ ብሎ ገብቶ፣ ከአፋቸው ጀምሯል። ዓይናቸው ሲፈጥ አየሁት። እንደገና ሞከሩ። «ትቅ።»

«ምን አሉ?» አሉኝ አቶ ተሾመ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ነው የሚሉት» አልኩ።

«ትቅ፣ ትቅ» አሉ ጋሽ ይማም በሐዘን።

«ይኼስ?»

«ቤታችሁ የተከበረ ቤት ነው፣ ስማችሁን ሰምተን፣ ልጃችሁን ወድደን፣ ደጃችሁን ልንጠና መጣን ነው የሚሉት።»

ጋሽ ይማም በአድናቆት አዩኝ። እኔም በራሴ ተገረምኩ። ራስ ልነቀንቅ መጥቼ ዋና ተናጋሪ ሆኛለሁ፤ የልጁን ወላጆች፣ አስተዳደጉን፣ ባቡር ነጂ መሆኑን፣ ከእኛ አውቶቡስ ነጂዎች ይልቅ መንገድ የማይስት መሆኑን ሁሉ በዝርዝር ልቀጥል ስል፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። ሩቅ ያለ ነጎድጓድ ይመስላል። ወይዘሮ አልማዝ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ሰማዩን አዩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡልን እግዜር ያክብርዎ መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

አቶ ተሾመ በጣታቸው አመለከቱኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩን ስዘጋ ግን፣ «ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ሲሮጥ ዛሬ ገና አየሁ» ሲሉ፣ ጋሽ ይማምም «ትቅ» ብለው ሲመልሱ ሰማኋቸው።

ስመለስ የቤቱ አየር ተለውጧል። አቶ ተሾመ መነጽራቸውን አድርገዋል። «እስቲ እጅዎን» አሉኝ። እጆቼን ኮቴ ኪስ ውስጥ ልከታቸው ፈልጌ ነበር፤ ኮቴን ግን ወይዘሮ አልማዝ ቀድመው ወስደውታል። ዘረጋሁ። አገላብጠው አዩት። «ምላስዎንስ?»

ደግሞ ምላስ።

«የወፍ በሽታ ነው» አሉ አቶ ተሾመ ለሚስታቸው። «ጉበት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለልጁ ምኑ ነዎት?»

በሕይወቴ አጎት መሆኔን ለመካድ የፈለግኩት ያኔ ብቻ ነው። «አጎቱ ነኝ» አልኩ።

«በእናት ነው በአባት?»

«በእናቱ።»

«ዘር ነው እንግዲህ። እኔ ልጄን ጉበቱ የታመመ ዘር ውስጥ አውቄ አልከትም።»

ጋሽ ይማም ክርክር እንዳላቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል፤ ከአፋቸው ግን ምንም አይወጣም። የሰውየው ፊት ላይ ውሳኔ ሲረጋ አየሁ። ታች በር ላይ ብርዱ ውስጥ የሚንቆራጠጠው ልጅ ታየኝ። እህቴ ደውላ «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «በምላሴ ምክንያት ቀረ» የምላት ታየኝ። በዚያ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ተሾመ፣ ሰውየው ታመዋል፤ ይቀመጡ» አሉ ወይዘሮ አልማዝ። ክንዴን ይዘው፣ እምቢ ስል ገፋ አድርገው፣ ነጩ ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። ከተቀመጡ ላይቀር ብዬ ወደ ኋላ ጠጋ አልኩ። ጨርቁ ከጉልበቴ ኋላ ጭምቅ ሲል ተሰማኝ። ሙቀቱ በጭኔ ሥር ሲሄድ ተሰማኝ። ብድግ አልኩ።

ብድግ ማለት አልነበረብኝም። እዚያው ተቀምጬ ማርጀት ነበረብኝ።

ሶፋው ላይ ሰፋ ያለ ቢጫ ምልክት አለ። የነጩ ሱሪዬ ኋላም እንደዚያው ነው። ሆዱ እየጮኸ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጦ የነበረ ሰው ነጭ ሶፋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ትቶ ሲነሳ፣ አራት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አራቱም አንድ ነገር ነው የሚያስቡት። እኔም ራሴ ለአንድ አፍታ ተጠራጥሬያለሁ።

ያን ጊዜ፣ ሰው ሞኝ ቢለኝ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ። «መድኃኒት ነው» አልኩ። «እምላለሁ፣ የጉልበት መድኃኒት ነው። ከቻይናዊት ሴት የገዛነው ነው።» ሱሪዬን ጠቅልዬ ጨርቁን አሳየኋቸው። ጋሽ ይማምም ምስክርነታቸውን ሊሰጡ ኪሳቸው ገብተው የራሳቸውን ከረጢት አወጡና ከፍ አድርገው ያዙት።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ሄለን ወጣች። በሩ ሥር ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር፤ ዓይኗ ከሳቅ የተነሳ ዕንባ አቅርሯል። ፊቴ መጥታ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ፤ ስዊድንኛ አንቱ ስለሌለው እኔም ቅር አላለኝም።

«ወደ መብራቱ ዙር። ዓይንህን አሳየኝ።»

ምላስ ስላልሆነ ደስ ብሎኝ አሳየሁ።

«ፓፓ፣ ዓይኑ ነጭ ነው» አለች። «የወፍ በሽታ ቢሆን መጀመሪያ ዓይኑ ነበር ቢጫ የሚሆነው። ይኼ ቀለም ነው።» ከዚያ ጨርቁን አሸተተች፣ የጋሽ ይማምን ከረጢት ከፍታ አየች፣ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። «እነዚህን ነው የተካፈላችሁት?»

«ለሁለት ሰው ነው ተብለን» አልኩ።

ከሳቋ እስክትመለስ ጠበቅናት። እኔ በአማርኛ ላቅርብላችሁ። እነዚህ ሁለቱ ቻይናዎች ከድሮ ጀምሮ አጣምረው የሚያፈሏቸው ናቸው አለች። ትምህርት ቤት ስለነሱ ሰምታለች። አንዱ ብቻውን ሲጠጣ ሆድ ያሸብራል፤ ሌላው ብቻውን አፍ ያደርቃል። አብረው ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ክፋት ያለዝበዋል፤ ብግነቱን ደግሞ፣ ያን የጉልበቴን መቅላትና መጋል ማለቷ ነው፣ በየፊናቸው ይይዙታል። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው። ተመራማሪዎች በብርጭቆ ውስጥ ባሉ ሴሎችና በአይጥ ላይ እየሞከሩት ነው። ሰውነት «እሳት፣ እሳት» እያለ የሚልካቸውን መልእክቶች ሁለቱ ተጣምረው ከነጠላው የበለጠ ሊቀንሱ ይችላሉ።

«ይቀንሳሉ ነው የምትዪው?» አሉ አቶ ተሾመ። ከወንበራቸው ወደፊት አዘንብለዋል።

«ሊቀንሱ ይችላሉ ነው ያልኩት።»

«ለአይጥ ከቀነሰ ለሰው የማይቀንስበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ፓፓ፣ አይጥ ሽምግልና አይሄድም።»

«እሱን ተዪው። ለጉልበት ማለትሽ ነው? እንዲህ ላለ ጉልበት?» አሉና ብርድ ልብሱን ገለጡ።

የአቶ ተሾመ ጉልበት የእኔን የሚያስንቅ ነበር። ለካ ያልተነሱልን ንቀውን አይደለም፤ መነሳት አቅቷቸው ነው። ለሽማግሌ አልተነሱም ከመባል ይልቅ አመመኝ ማለት ከብዷቸው፣ ተቀምጠው የተቆጡ መስለው ሊያሳልፉት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዚያ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት ጉልበት ደብቀን ስንፋጠጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ላላ። ወይዘሮ አልማዝ ሶፋውን በሳሙና ሞከሩት፤ ቢጫው ሰፋ እንጂ አልለቀቀም፣ «ለነገሩ ነጭነቱ እኔንም አድክሞኝ ነበር» ብለው ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ለጋሽ ይማም ውሃ በማሰሮ አቀረቡላቸው። አቶ ተሾመ የእኔን ጉልበት ነካ፣ የራሳቸውን ነካ እያደረጉ የቱ እንደሚግል ያወዳድሩ ጀመር።

«በወጉ ቢሆን» አሉ ቀና ብለው፣ «ዛሬ ሰምቼ በሌላ ቀን እቀጥራችሁ ነበር። ግን በዚህ ጉልበታችሁ ደግማችሁ አካላ ድረስ ኑ ማለት ግፍ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኛ እኮ ከተስማማን ቆየን» አለች ሄለን። «እናንተን ነው የምንጠብቀው።»

«እንግዲህ ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ተሾመ። ሊነሱ ሞክረው ተቀመጡ። እኛም ተነስተን ሄደን እዚያው እንደተቀመጡ ሳምናቸው።

ሄለን ግን አላበቃችም። የጉልበቴን ሙቀት ደግማ አይታ ፊቷ ኮስተር አለ። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ማሰሮውን አጋምሰው የነበሩት ጋሽ ይማም፣ ድንጋይ የሚያናግረው ምላሳቸው ተፈትቶ፣ በዚያን ለት የመጀመሪያዋን ቃል የተናገሩት።

«የደም ግፊት ክኒን ይውጣል» አሉ።

«ሥራሥሩና ክኒኑ ሊጋጩ ይችላሉ፣ ሆስፒታል እንሂድ» ብላ ልጅቷ ኮቷን አነሳች። ከእጮኛዋ ጋር ደስታዋን ልታከብርበት በሚገባት ቀን፣ እኔን በአንድ ክንዷ ጋሽ ይማምን በሌላው ይዛ ስትወርድ፣ በር ላይ ብንያምን በብርድ ደንዝዞ አገኘነው። አጎቱ ሱሪው ቢጫ ሆኗል፣ ጋሽ ይማም ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ልጅቷ ቸኩላለች። ልጁ ተደባድበን የወጣን መሰለው።

«እምቢ አሉ?» አለ።

«ሰጥተውሃል» አልኩት። «ታክሲ ጥራ።»

እንዳትጨነቁ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ጉበቴን መርምረው ደህና ነው አሉ። ጉልበቴ ሪህ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃውን ቀድተው ተገቢውን መድኃኒት ሰጡኝ፣ በሳምንቱ ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። ሐኪሙ ቻይናዊቷን አልተሳደበም፤ የተሳደበው እንኳ ቢኖር እኔን ነው፣ እሱም በስዊድን ደንብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራሥር ከመጠጣትህ በፊት ክኒንህን ለሰው ተናገር በማለት ነው። ጋሽ ይማምም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዝም ብለው አያውቁም። አቶ ተሾመም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ።

ያን ቀን ግን ገና ተራ እየጠበቅን ነው። ብንያም ለጋሽ ይማም ውሃ ይመላለሳል። ስሜ ተጠራና ሄለን ደግፋኝ ወደ መመዝገቢያው መስኮት ሄድን። ነርሷ ኮምፒውተሯ ላይ እየመዘገበች ሄለንን ጠየቀቻት።

«ምኑ ነሽ?»

ሄለን አሰበች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች።

«ዘመዱ ነኝ» አለች። «ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ።»

ነርሷ መዘገበች። ቀና ሳትል፣ «ቢጫ የሆነውስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።